የታመመችው ጠመንጃ

በእኛ ጊዜ አዳማ ላይ አንድ ሰው ተኩሶ ሲስት ሰውየውን የሚያይ አልነበረም። ሁሉም ዞር ብሎ የሚያየው ጠመንጃውን ነው። «ምን አግኝቷት ነው?» ይባላል። ሰው ተራምዷት እንደሆነ፣ ዓይን በልቷት እንደሆነ፣ ምቀኛ አስደግሞባት እንደሆነ ይጠየቃል። ተኳሹ እዚያው አጠገባቸው ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ጉልበቱ እየተብረከረከ ቆሞ እንኳ «አንተስ ደህና ነህ ወይ?» የሚለው አይገኝም። ይህን ስናገር የዛሬ ሰዎች ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔም ዛሬ እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን አልሳቅኩም፤ ቤታችን ሊወሰድብን ነበርና።

ነገሩ የሆነው ጣልያን ከመምጣቱ በፊት፣ አዳማ ገና ናዝሬት ሳትባል ነው። ከተማዋ ያን ጊዜ የባቡር ጣቢያው፣ በጣቢያው ዙሪያ የተደረደሩት የዓረብና የግሪክ ሱቆች፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና አቧራ ነበረች። ንፋሷ እንደሆነ ያኔም ያው ነው።

አባቴ ወታደር ነበር። ከጣቢያው ማዶ፣ ሜዳው ከሚጀምርበት ላይ ቤት መሥሪያና እርሻ ተሰጥቶት ነበር። እንዲህ ያለውን መሬት ማደሪያ እንለዋለን። ማደሪያ የሚሰጠው ለጠመንጃ ነው ማለት ይቻላል፤ ቤቱ ሲጠሩት የሚቀርብ፣ ሲተኩስ የሚመታ አንድ ሰው ሊኖረው ይገባል። ከሌለው መሬቱ ለሌላ ወታደር ይሰጣል። አባቴ በሞተ ጊዜ እናቴ፣ ታናሽ እህቴና እኔ ብቻ ቀረን። የወታደሮቹ አዛዥ የነበሩት ሻለቃ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው፣ እናቴን አጽናንተው ሲያበቁ፣ ከደጃፍ ላይ መለስ ብለው «እንግዲህ የመስቀል ማግስት ልጁ ይታይ» አሉ። ክፋት አልነበራቸውም። ደንቡ ነው።

የመስቀል ማግስት ሰልፍ የሚባለው ይኼ ነው። ለመስቀል ከታረደው በሬ የትከሻው አጥንት ሥጋው ተጠርጎ ይነጣና፣ ከሜዳው ማዶ ካለ ግራር ላይ ይንጠለጠላል። ማደሪያ ያለው ሁሉ በአባቱ ማዕረግ ተራ እየቀረበ ቆሞ ይተኩሳል። ተንበርክኮ ወይም ተኝቶ መተኮስ የለም፤ ነውር ነው። ጥይት ውድ ስለሆነ ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ሁለት ብቻ ነው። አጥንቱን የመታ ቤቱ ይጸናለታል፤ የሳተ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል።

እኔ በዚህ ሰልፍ የምሰጋ ልጅ አልነበርኩም። ጉራ አይምሰላችሁ እንጂ ጎበዝ ተኳሽ ነበርኩ። አባቴ ውጅግራ ነበረችው። አንድ ጎራሽ ናት፤ ረጅም፣ ከባድ፣ ስትተኮስ ትከሻ የምትነቅል የፈረንሳይ ጠመንጃ። በዚያች አስተምሮኛል። ሲያስተምር አይጮህም፤ ስስት ምላሱን ጠቅ ያደርግና ዝም ይላል፣ ስመታም ዝም ይላል። እኔ ከምላሱ ድምፅ እየሸሸሁ ነው መምታት የለመድኩት። ከሞተ በኋላ በርቀት የተቀመጠ የሸክላ ስባሪ በንፋስ ውስጥ እመታ ነበር። እናቴም በእኔ ተማምና ጓሮዋን ታለማለች፤ ገና ባልጸናልን መሬት ላይ ጎመን ተክላ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አጎቴ ከመልካሳ ሰው ላከብኝ። አዋሽ ዳር በቆሎ ዘርቶ ከርከሮና ጦጣ አላስቀምጥ ብለውታል። ጠመንጃዬን ይዤ ወረድኩ። ከርከሮውን አባረርኩ፣ ጦጣውን አስደነገጥኩ፣ እሸት እስኪያቅለሸልሸኝ በላሁ፣ ትንኝ ደግሞ እኔን በላችኝ። ተመልሼ ከገባሁ በኋላ አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ አዳማ በምትነድበት ሰዓት፣ ብርድ ብርድ አለኝ። ጥርሴ መንገጫገጭ ጀመረ። ከዚያ አነደደኝ፣ ከዚያ ላብ በላብ አደረገኝና ለቀቀኝ። በማግስቱ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሥቼ ጠላ ጠጣሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ያው ብርድ በዚያው ሰዓት ተመለሰ።

ያኔ ንዳድ እንለዋለን፤ የዛሬው ወባ ነው። የእኛ አገር ሰው ንዳድን ከበሽታ አይቆጥረውም ነበር። ማንን ይዞ የማያውቅ አለ? ይመጣል፣ ይጥላል፣ ይሄዳል፣ እንደ ዘመድ ተመልሶ ይመጣል። «ዛሬ ቀኔ ነው» ይላል ሰውየው፣ ይተኛል፤ ነገ ተነሥቶ እርሻውን ያርሳል። ስለዚህ እኔም ታመምኩ ብዬ አላሰብኩም።

በአንዱ ደህና ቀኔ የአባቴ ጓደኛ የነበሩት ሽማግሌ እቤት መጡ። የአርሲ ኦሮሞ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር አብረው ዘምተዋል፣ አብረው ማደሪያ ተቀብለዋል። ጋሼ እላቸዋለሁ። ቀልድ ይወዳሉ፣ ጮክ ብለው ይስቃሉ፣ ያመኑበትን ነገር ግን ከአፋቸው ማስጣል አይቻልም። «እስቲ ሰልፉ ሳይደርስ እጅህን ልየው» አሉኝ። ሸክላ አስቀመጡልኝና ተኮስኩ። ሳትኩ። ደግሜ ሳትኩ። ሸክላው ላይ አቧራ እንኳ አልደረሰም።

ምን እንደተሰማኝ አስታውሳለሁ። ሰደፉን ትከሻዬ ላይ ሳስደግፍ ክንዴ የሌላ ሰው ክንድ መሰለኝ። የአፈሙዙ ጫፍ ሸክላውን አልፎ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና አልፎ ይሄዳል። ልገታው ብዬ አጥብቄ ስይዘው ጭራሽ ባሰበት። ትንፋሼን ይዤ ስቆይ ዓይኔ ጨለመ። ይኸው እንግዲህ ከንዳዱ የተረፈ ድካም ነበር፤ ደህና ነው ባልኩት ቀን እንኳ ከሥጋዬ አልወጣም። እኔ ግን ይህን አላወቅኩም። ሽማግሌውም አላወቁም። ጠመንጃዋን ከእጄ ወስደው አፈሙዟን አሸተቱ፣ ጆሯቸውን አስጠጉላት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይቺ ጠመንጃ ታማለች።»

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። እጄ አይደለም ማለት ነው። ያን ጊዜ የወንድ እጅ ከተንቀጠቀጠ ስሙ አንድ ነው፤ ፈሪ ይባላል። ንዳድ ይሁን ረሃብ፣ ኀዘን ይሁን እንቅልፍ ማጣት የሚለይ የለም። የጠመንጃ በሽታ ግን ማንንም አያሳፍርም። ለዚህ ይመስለኛል በአገሩ ያ ሁሉ ጠመንጃ የሚታመመው።

እናቴ ወሬውን ስትሰማ ቤቱ የሐኪም ቤት ሆነ። መጀመሪያ ከደብተራ ክታብ ተጻፈላትና ከሰደፏ ላይ ታሰረ። ጎረቤታችን የነበሩት የወሎ ሴት ደግሞ «ሸኽዬ ዱዓ ያድርጉላት፣ ምን ይጎዳል» ብለው ወሰዷት፤ ጠመንጃዋም ሌላ ክታብ ታስሮባት ተመለሰች። ጸበል በአፈሙዟ ተንቆረቆረላት። ከዚያ ጸበል የተነሣ ዝገት እንዳይዛት ስወለውል የዋልኩት እኔ ነኝ። ማንም እንዳይራመዳት ተብሎ መደብ ላይ ተነጠፈላት። እኔ ደግሞ መደቤን ለቅቄ መሬት ላይ፣ ቁርበት ላይ ተኛሁ። ቀኔ ሲደርስ እዚያ ቁርበት ላይ ተጠቅልዬ ጥርሴን ሳንገጫግጭ እናቴ ቀና ብላ መደቡን ታይና «ዛሬስ ትንሽ የተሻላት ትመስላለች» ትላለች።

እህቴ ምላሷ ስለታም ነበረች። «ምሳዋንስ አናቀርብላትም?» አለች አንድ ቀን። እናቴ በማማሰያ አባረረቻት።

እኔ በበኩሌ ሥራ አልፈታሁም። መስቀል እየቀረበ ሲሄድ ፍርሃት ያዘኝ፤ ፍርሃቱ ደግሞ ልምምድ ልምምድ አሰኘኝ። ጥይት ማባከን ስለማልችል ባዶዋን ጠመንጃ አንስቼ ግንድ ላይ አነጣጥራለሁ፣ ቃታ እስባለሁ፣ እንደገና አነጣጥራለሁ። በደህና ቀኔም በንዳድ ቀኔም እንዲሁ። ትኩሳት ላይ ሆኜ ሳነጣጥር ግንዱ ሁለት ይሆንብኛል፤ የትኛውን ልምታ እያልኩ እናደዳለሁ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እህል አልበላ አለኝ። ልብ በሉ፣ ንዳዱ ቀን አለው፤ ይመጣል ይሄዳል። ፍርሃቱ ግን ቀን የለውም። ንዳዱ ያወላገደውን ክንዴን ፍርሃቱ ተቀብሎ ያስቀጥለዋል። ገና ጠመንጃ ሳነሣ እናቴ ዕቃዋን ጋማ ከብት ላይ ጭና ስትወጣ ይታየኛል፤ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ መምታት ይጀምራል፤ ቃታውን ሳልጨርስ ትከሻዬ ቀድሞ ይሸማቀቃል። እንዲህ ሆኖ የመታ ሰው አላየሁም።

በመካከሉ ሽማግሌው ጠመንጃዬን ሊዋሱ መጡ። ደራ ላይ የዘመድ ሠርግ ነበረባቸው፤ በሠርጉ ላይ ዒላማ መተኮስ አይቀርም። «የእርስዎስ?» አልኳቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የእኔም ታማለች» አሉ። «ያንቺዋ... ያንተዋ ግን ይህን ያህል ጸሎት ተጸልዮላት፣ የእስላሙም የክርስቲያኑም፣ ከደህና ጠመንጃ ሳትሻል አትቀርም።» አሰብኩበትና ሰጠኋቸው።

ከሠርጉ ሲመለሱ ድምፃቸው ነው ቀድሞ የገባው። ከደጅ ጀምረው «ድናለች! ድናለች!» ይላሉ። መትተው ነበር፤ የደራ ሰው ሁሉ እያየ ከሩቅ የተሰቀለ ቅል አፍርሰውበታል። በዚያ ሰሞን ንዳዳቸው ለቋቸው ኖሮ እጃቸው ጸንቶ ነበር፤ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። እናቴ እልል አለች። የወሎዋ ጎረቤታችን እልል አሉ። ለጠመንጃ ጤና እልል ሲባል ሰምታችሁ እንደሆነ አላውቅም፤ እኛ ቤት ተብሏል። ክታቦቿ ሳይፈቱ ለእኔ ተሰጠችኝ፣ ሸክላው ተቀመጠ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቆመ።

ሳትኩ።

ሁለተኛውንም ሳትኩ። ሽማግሌው «ንፋሱ ነው» አሉ፤ ያን ቀን በአዳማ ታሪክ አንድ ጊዜ ንፋስ ያልነፈሰበት ቀን ነበር። ጎረቤት አንድ አንድ እያለ ቤቱ ገባ። እናቴ ጎመኗን ልታጠጣ ነው ብላ ወደ ጓሮ ሄደች፤ እያለቀሰች እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል። እኔና እህቴ ብቻ ቀረን።

«ጠመንጃዋስ ዳነች» አለችኝ። «አንተን ማን ያድንህ?»

ጮኽኩባት። ምን እንዳልኳት መድገም አልፈልግም። ቆማ አስጨረሰችኝና፣ ስድቡ ሲያልቅብኝ፣ «መስታወት ስለሌለን ፊትህን አላየኸውም» አለች። «እኔ ግን በየቀኑ አያለሁ። ዓይንህ እንደ እንቁላል አስኳል ነው። እጅህን ተመልከት። ጠመንጃ ይዞም አይደለም እኮ።» ተመለከትኩ። ባዶ እጄ ነው፣ ምንም አልያዘም፣ ይንቀጠቀጣል። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ስድብ የመሰለኝ ነገር ቆይቶ ቆይቶ የምሥራች ሆነብኝ፤ ምክንያቱም ፈሪ ከሆንኩ መድኃኒት የለኝም፣ ከታመምኩ ግን ሊኖረኝ ይችላል።

እህቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱን ገዛችው። ጠመንጃዋን ከመደብ አንሥታ ጎተራ ውስጥ፣ ጤፍ ሥር ቀበረቻት። «እስከ ሰልፉ አታያትም» አለችኝ። መደቤን መለሰችልኝ። ከጣቢያው አጠገብ ካለው የዓረብ ሱቅ ኪኒን የሚሉትን የንዳድ መድኃኒት ገዝታ መጣች። ነጭ ዱቄት ነው፤ ከኮሶ ይመራል። ሱቁ ውስጥ የነበሩት የባቡር ሠራተኞች ሁሉ እሱን እንደሚውጡ፣ ባቡር የሚነዳ ሰው እንደ እኛ አልጋ ላይ መንቀጥቀጥ እንደማይፈቀድለት ነጋዴው ነግሯታል። ዋጥኩት። ጆሮዬ ውስጥ ጢንዚዛ የገባ ይመስል መጮህ ጀመረ። እናቴ ከአጠገቤ ቆማ ስትጠራኝ አልሰማትም። ግን ብርዱ እየቀለለ መጣ። አጥሚት ጠጣሁ። ተኛሁ። ከሁሉም የከበደኝ ያ አለመለማመድ ነበር፤ ግንድ ባየሁ ቁጥር እጄ ይነሣል። እህቴ እጄን መታ ታደርገዋለች። ቀናቱ ሲያልፉ ክንዴ እንደገና የእኔ መሆን ጀመረ፤ እንስራ ሙሉ ውኃ ተሸክሜ ሳላፈስ ቤት የገባሁ ዕለት ሦስታችንም ሳቅን።

ንዳዱ ግን ፈጽሞ አልለቀቀኝም። ለዘብ ብሎ፣ በዚያው በቀኑ፣ ከቀትር በኋላ ይመጣል። እናቴ በጣቷ ቆጥራ ስታበቃ ፊቷ ተለወጠ። የሰልፉ ዕለት የእኔ ቀን ነበር።

«ሰልፉ ጠዋት ነው» አለች እህቴ። «እሱ ሳይመጣ ተኩሰህ ትመለሳለህ።»

እንዲህ ብለን ሄድን። ጠዋት አጥንቱ ነጥቶ ግራሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ሰልፈኛው ጋቢውን ለብሶ ተደርድሯል፤ ሴቶቹ ከወዲያ ቆመዋል። እኔም ደህና ነበርኩ። ሻለቃው ግን አልመጡም። ከባቡር የሚወርድ እንግዳ ሊቀበሉ ጣቢያ ሄደዋል ተባለ፤ ባቡሩ ደግሞ ዘግይቷል። ጠበቅን። ጥላው አጠረ። ጥላው ከእግራችን ሥር ገባ። ሻለቃው ሲደርሱ ፀሐይ ከአናታችን ዘንበል ብላ ነበር፤ እኔ በአባቴ ተራ ወደ መጨረሻው ነበርኩ።

ብርዱ መጀመሪያ ከጥፍሬ ነው የሚነሣው። እዚያ ቆሜ ጥፍሬን አየሁት። ሰማያዊ እየሆነ ነው ወይስ እኔ ነኝ? ንዳዱ ነው ወይስ ፍርሃቱ? መለየት አቃተኝ። ከፊቴ የነበረው ሰው ጠመንጃው ላይ ሦስት ክታብ አንጠልጥሏል። ጎልማሳ ነው፣ የልጆች አባት። ሲያነጣጥር ክታቦቹ እርስ በእርስ ይጋጩ ነበር፤ ከኋላው ሆኜ ድምፃቸውን እሰማለሁ። ሁለቱንም ሳተ። «ጠመንጃዬ ታማብኝ ነው ጌታዬ» አለ። የሻለቃው ጸሐፊ ቀና እንኳ ሳይል «እንግዲያው ጤነኛ ጠመንጃ ያለው ሰው ይገባበታል» አለው። ሰውየው ሄዶ ከግራር ሥር ቁጭ አለ፤ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ።

ተጠራሁ። ወደፊት ወጣሁ። ጠመንጃዋን አነሣሁ፤ አፈሙዙ አጥንቱን አልፎ ሄደ፣ ተመለሰ፣ አልፎ ሄደ። እዚያ ማዶ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትታየኛለች። ያኔ ጠመንጃዋን ዝቅ አደረግኩ። እንዲህ አደርጋለሁ ብዬ አስቤበት አልመጣሁም።

«ጌታዬ» አልኩ፤ ጆሮዬ ስለሚጮህ ሳላውቅ በጣም ጮክ ብዬ ነበር የተናገርኩት። «ጠመንጃዬ ደህና ናት። የታመምኩት እኔ ነኝ።»

 ቀጥሎ ሳቅ ከዚህም ከዚያም ተነሣ። «ፈርቶ ነው» አለ አንዱ።

«መፍራቱንስ ፈርቻለሁ» አልኩት። «እናቴና እህቴ ከቤታቸው ሊወጡ ነው፤ እንዴት አልፈራም? ግን ንዳድ ይዞኛል። ዛሬ ቀኔ ነው። ነገ ደህና ነኝ። ነገ ልተኩስ።»

 ጸሐፊው ሊናገር ከንፈሩን ሲያላቅቅ ከሰልፉ ጫፍ ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ ተሰማ። ሽማግሌዬ ነበሩ። ከፍ ባለው ድምፃቸው ሳይሆን በለሆሳስ «አኒስ» አሉ። እኔም ማለት ነው። ከዚያ በአማርኛ ደገሙት፤ «እኔም ጌታዬ። ለቆኝ ቆይቶ ትናንት ዳግም ተነሣብኝ።» እኚህ ሰው ተራቸው ደርሶ፣ ቀደም ብለው ተኩሰው፣ በሁለተኛው ጥይት በጭንቅ መትተው ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም። ቤታቸው ጸንቶላቸዋል። መናገራቸው ለእኔ ሲሉ ነው። እንባዬ መጣ፤ ላብ አስመስዬ ጠረግኩት።

ቀጥሎ ያ ከግራር ሥር የተቀመጠው ሰው ጋቢውን ከፊቱ ገለጠና «እኔንም ነው ጌታዬ» አለ። «ልጆቼንም ይዟቸዋል። ቤቱ ሁሉ ተኝቷል።» ከኋላ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ከሳቂዎቹም አንዱ ነበረበት።

«ነገ ደህና የሚሆን እጁን ያውጣ» አሉ ሻለቃው።

እጆች ወጡ። ብዙ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ጠመንጃ የያዙ እጆች ናቸው፤ ሁሉም በአየር ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር፣ የሚደብቃቸውም አልነበረም። ጸሐፊው ወደ ሻለቃው ጆሮ ጠጋ ብሎ «ነገ እኮ ጌታዬ፣ ለእርስዎ...» ሲል ሰማሁት። ጨርሶ እንዲናገር አልፈቀዱለትም።

«ነገ አልኩ» አሉ። «ጠዋት፣ በጊዜ።»

ወደ ቤት የገባሁት በእናቴና በእህቴ ትከሻ ላይ ሆኜ ነው። ንዳዱ እንደ ልማዱ ጣለኝ፣ አነደደኝ፣ ለቀቀኝ። ግን ያለ ሐሳብ እንቅልፍ ሲወስደኝ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ሰው ሁሉ አውቆብኛል፤ ከእንግዲህ የምደብቀው የለኝም። ያን ያህል ሲያደክመኝ የኖረው መደበቁ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

በማግስቱ ሜዳው ላይ ስንደርስ ሻለቃው ቀድመውን ተቀምጠዋል። ወንበር ላይ ነበሩ፤ ጥቁር ካባቸውን እስከ አገጫቸው ስበው። ፀሐይዋ ሞቅ ብላለች፤ ሌላው ሰው ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሏል። ሲያዩን ሊነሡ ሞከሩና ወንበሩ ላይ መልሰው ቁጭ አሉ። ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ነበር።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ። «ዛሬ ደ... ደግሞ የእኔ ቀን ነው።»

ያን ጊዜ ጸሐፊው ምን ሊላቸው እንደነበር ገባኝ። የደህና ቀናቸው ትናንት ነበር፤ ዛሬ ንዳዱ እንደሚነሣባቸው እያወቁ ነው ለእኛ ሲሉ ቀኑን ያዛወሩት። ንዳዳቸው ከጠዋት ጀምሮ የሚነሣ ክፉ ዓይነት ነበር፤ ቤታቸው ተኝተው ሰልፉን ለጸሐፊያቸው መተው ይችሉ ነበር። ግን ጸሐፊው የመታውን ከሳተው እንጂ የታመመውን ከጤነኛው አይለይም።

ተጠራሁ። ጆሮዬ ከኪኒኑ የተነሣ አሁንም ይጮኻል፤ ከሩቅ የሚባለውን አልሰማም። ጠመንጃዋን አነሣሁ። አፈሙዙ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ አላሳደድኩትም፣ ተውኩት። አጥንቱ ላይ ሲደርስ ቃታውን ሳብኩ። ትከሻዬን እንደ ድሮው መታችኝ። ከጭሱ ማዶ አጥንቱ ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ሲወድቅ አየሁ። እልልታውን አልሰማሁትም፤ እናቴ አፏን ከፍታ እጇን ስታነሣ ግን አየኋት።

ሻለቃው ቀኝ እጃቸውን አነሡና የሆነ ነገር ተናገሩ። ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ «ምን አሉ ጌታዬ?» አላቸው። ደገሙት። አሁንም ጥርሳቸው ቃሉን ቆራረጠው። ሦስተኛ ጊዜ በኃይል «ይ... ይጽናለት! የአ... የአባቱ ቤት ይጽናለት!» አሉና ደክሟቸው ወንበሩ ላይ ተደገፉ። ትናንት የሳቱት በመጨረሻ እንዲደግሙ ተፈቅዶ ነበርና፣ ያ የልጆች አባት ክታቦቹን ይዞ ወደፊት እየወጣ ነበር።

እጅ ልነሣ ቀረብኩ። እንደ ደንቡ ጎንበስ ብዬ መመለስ ነበረብኝ። ጋቢዬን አወለቅኩና በካባቸው ላይ ደረብኩላቸው። ጸሐፊው ክንዴን ያዘኝ፤ አለቃን መንካት ድፍረት ነው። ሻለቃው ግን ቀና ብለው አላዩንም። የጋቢውን ጫፍ ይዘው ወደ አንገታቸው ሳቡት።